የተሰረቀው ጉልበት

ቁም ሣጥኑ ተከፍቷል። አልተሰበረም፤ ቁልፉ ቀዳዳው ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ሰው ሠራሽ እግር ሠሪው ባዶውን መደርደሪያ በእጁ ዳበሰ። ዓይኑን ማመን ስላቃተው ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ዳበሰው። የማታው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ጉልበት የለም። ጨርቁም የለም።

ስልኩን አወጣና የክፍል ጓደኛው ጋ ደወለ። የክፍል ጓደኛው የፖሊስ መርማሪ ናት።

"ኢንስፔክተር፣ ጉልበቴን ሰረቁኝ" አላት።

እሷ ላፕቶፗን ገና መክደኗ ነበር። ከእሱ ጋር ባንድ ስክሪን ላይ ሲማሩ አምሽተው አሁን መለያየታቸው ነው። መጀመሪያ የደከመ ሰው ቀልድ መሰላት። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ስትሰማ ግን ጫማዋን ፍለጋ ተነሣች። ለልጃቸው እራት የሚያበላው ባሏ ቀና ብሎ አያትና ትምህርቱ አላለቀም ወይ ሲል ጠየቃት። ትምህርቱስ አልቋል፣ አሁን ሥራ ነው ብላው ወጣች። ኃይለኛው ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ጎርፉ ግን ገና በየቦዩ ይጮኻል።

ሁለቱ የሚማሩት ለሠራተኞች ተብሎ በተከፈተ የማስተርስ ፕሮግራም ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት በኦንላይን፣ ቅዳሜ ደግሞ በአካል። ያመለጠው ሰው የተቀዳውን ትምህርት በኋላ ከፍቶ ያያል። ተረኛ የሆነ ካሜራውን አጥፍቶ ቢያዳምጥ አይከለከልም። ገለጻ የማቅረቢያው ቀን ሥራ ላይ የሚውል ተማሪም አስቀድሞ ራሱን ቀርጾ መላክ ይችላል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ከመካከላቸው አንዱም የሁለተኛ ዲግሪን ደጃፍ አይረግጥም ነበር።

መምህሩ ክፍሉን በቡድን ሲከፋፍሉ አራት ሰዎች አንድ ላይ ተመደቡ። መርማሪዋ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቀች የምታነብ ናት። እግር ሠሪውን አናጢው ይሉታል፤ ከእንጨት ጋር ብዙም ጉዳይ ባይኖረውም ሲሞርድና ሲልግ ስለሚውል ስሙ ወጣለት። ሦስተኛዋ ሲስተር ናት፤ የማዋለጃ ክፍል ነርስ፣ ባንድ ጆሮዋ ሌክቸር፣ ባንዱ የምጥ ጩኸት እየሰማች የምትማር። አራተኛው ከረባት ይባላል። የሕክምና ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሻጭ ነው፤ አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚሸጥ ነግሯቸዋል። እቤቱ ተቀምጦ እንኳ ከረባት ሳያስር ስክሪን ላይ ታይቶ አያውቅም። ከወገቡ በታች ምን እንደሚለብስ የሚያውቅ ግን የለም እያሉ ይቀልዱበታል።

ያ ጉልበት የአናጢው የመመረቂያ ሥራ ነበር። ከጭናቸው ላይ እግራቸው ለተቆረጠ ሰዎች የሚሆን፣ ሲቆሙበት የሚቆልፍ፣ ሲቀመጡ የሚታጠፍ። ሁሉንም እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከመኪና ላስቲክና ከአሉሚኒየም ቆርጦ፣ ሞርዶና በስቶ ነው የሠራው። ከውጭ የሚገባው ጉልበት በሚገዛበት ዋጋ የእሱን ለብዙ ሰው ማዳረስ ይቻላል። ቅዳሜ ዲፌንስ አለበት፤ ሥራውን ፈታኞች ፊት ያስረዳል። ጉልበቱን ለወራት የተለማመደችበት አንዲት መምህርት በፈታኞቹ ፊት ልትራመድበት ቀጠሮ ተይዟል።

ትምህርቱን ከሦስቱ ቀድሞ ነው የጀመረው፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ ሌላ የለውም። ልጁ የታመመ ጊዜ አንዴ አራዝሟል፤ ሥራ የበዛበት ጊዜም እንዲሁ። ፕሮግራሙ እንደ ላስቲክ ቢለጠጥም ጫፍ አለው፤ አናጢው ጫፉ ላይ ደርሷል።

መርማሪዋ ወርክሾፑ ስትደርስ አናጢውን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ግድግዳው ላይ እግሮች ተሰቅለዋል፤ የልጅ፣ የአዋቂ፣ ጫማ የለበሱ፣ ባዷቸውን ያሉ። ቁልፉን የት ያስቀምጥ እንደነበር ጠየቀችው። ከመካከላቸው አንዱን፣ የድሮ የእንጨት እግር፣ አሳያት። ቁልፉ የሚደበቀው እሱ ውስጥ ነው።

"ይህን ማን ያውቃል?"

"አለቃዬ ያውቃሉ። ከዚያ እናንተ ናችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ መጥታችሁ ጉልበቱን ያሳየኋችሁ ጊዜ ከፊታችሁ ነው ያወጣሁት።"

"እኔም ተጠርጣሪ ነኝ ማለት ነው" አለች።

እሱ አልሳቀም። እሷም ለመሳቅ ብላ አልነበረም። ነገሩ ሲጠብባት ታውቋታል። አናጢው ትምህርቱን የተከታተለው ፎቅ ላይ ካለው ቢሮ ነው፤ እዚያ ኔትወርኩ ይሻላል። የወርክሾፑን በር አልቆለፈውም። ስለዚህ ሌባው የገባው እነሱ ሲማሩ ነው። አናጢው ስክሪኑ ላይ ተተክሎ እንደሚያመሽ ያውቃል፤ የእንጨት እግሩንም ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ደግሞ የቡድኑ ልጆች ናቸው። እነሱ ግን በዚያ ሰዓት ከእሷ ጋር ክፍል ውስጥ ነበሩ። ከረባት እንዲያውም የማታው አቅራቢ እሱ ነበር። በዓይኗ አይታዋለች፤ አጨብጭባለታለች።

ምስክራቸው ራሷ ነበረች።

የግቢው ጥበቃ ብዙ የሚለው አልነበረውም። ዝናቡ ሲወርድ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጥላ የያዘ፣ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው ሲገባ አይቷል። ግቢው ውስጥ ያለው ክሊኒክ የማታ ተረኛ ነርስ መስሎት አላስቆመውም። ወንድ ይሁን ሴት አላየም፤ ጥላው ፊቱን ሸፍኖታል።

ጠዋት ጣቢያ ላይ ጉዳዩ መሳቂያ ሆነ። የተሰረቀው ጉልበት ነው ስትል አንድ ጡረታው የቀረበ ሳጅን የእሱም ጉልበት ከተሰረቀ መቆየቱን፣ ሌባው ከተያዘ አብሮ እንዲጠየቅለት አሳሰበ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አዛዡ ግን የመምህርቷን ነገር ሲሰሙ ሳቃቸውን አቆሙ። መርማሪዋ የክፍል ጓደኞቿን መመርመሯ እንደማይመቻቸው ነገሯት። ሌላ ሰው እንዲመደብ ጠየቀቻቸው። ዙሪያቸውን አዩ፤ ጉልበት ፍለጋ የሚወጣ ፈቃደኛ አልነበረም።

"እስከ ዓርብ አንቺ ያዢው" አሉ። "የጓደኞችሽን ቃል ስትቀበዪ ግን ሌላ መርማሪ አጠገብሽ ይቀመጣል።"

መጀመሪያ የሄደችው የወርክሾፑ ኃላፊ ጋ ነው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ከአናጢው ጋር በትምህርቱ ምክንያት ሲጋጩ መክረማቸውን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ከሥራ ቀደም ብሎ በወጣ ቁጥር ወይ ሥራህን ወይ ትምህርትህን ምረጥ ይሉት ነበር። ቁልፉ ያለበትን ያውቃሉ። ግድግዳው ላይ ነጭ ጋዎን ሰቅለዋል።

ማክሰኞ ማታ የት እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። ቤቴ ነበርኩ አሉ። ጥበቃው እንደነገራት ግን ባለቤታቸው ደውለው ባሌ የት ነው ሲሉ አምሽተዋል።

"ዋሹኝ" አለቻቸው።

ጆሯቸው ቀላ።

"አባቴ፣ ዛሬ ካልነገሩኝ ነገ የምጠይቅዎት ጣቢያ ነው።"

ተነሥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ጠረጴዛቸው ሥር ካለው ሣጥን አንድ መጽሐፍ አወጡ። የማስተርስ መግቢያ ፈተና መዘጋጃ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እየተደበቁ የማጠናከሪያ ትምህርት ይማራሉ። በሥራቸው ያሉት ልጆች አንድ በአንድ ዲግሪ እየጨመሩ ሲሄዱ እሳቸው ቆመው መቅረታቸው እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም፤ ቢወድቁ መሳቂያ መሆን አልፈለጉም። አናጢውን ትምህርትህን ተው ሲሉት የኖሩ ሰው በዚህ ዕድሜያቸው የፈተና መጽሐፍ ደብቀው መያዛቸው አሳፈራቸው።

መርማሪዋ የማጠናከሪያ ክፍሉ ድረስ ሄዳ አጣራች። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አምሽተዋል። አስተማሪው እንደነገራት ብዙ ጥያቄ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

ሲስተር ላይ ስትደርስ ልቧ ከበዳት። ማክሰኞ ማታ ካሜራዋ ጠፍቶ ነበር። ጋዎን ትለብሳለች። የምትሠራበት ሆስፒታልም ከወርክሾፑ አይርቅም። ሲስተር ጥያቄውን ስትሰማ አኮረፈች፤ ከዚያ እያኮረፈች ሁሉንም ነገረቻት። ከረባት ሲያቀርብ እሷ መንታ እያዋለደች ነበር። ስለ ገለጻው ብትጠየቅ አንድ ቃል አታስታውስም፤ ስለ መንታዎቹ ግን ማን ቀድሞ እንደወጣ ሳይቀር ትነግራለች። አብረዋት የነበሩት ሐኪምም ይህንኑ መሰከሩ።

ኃላፊው ሲሸኟት አንድ ሐሳብ ጣል አድርገውባት ነበር። ምናልባት አናጢው ጉልበቱ አልሠራ ብሎት ዲፌንሱን ፈርቶ ራሱ ደብቆት ይሆናል። ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ። አናጢውን ታምነዋለች፤ ግን የምታምናቸውን ሰዎች ስታስር ኖራለች።

ማምሻውን መምህርቷ ጣቢያ መጣች። በክራንች ነበር የመጣችው። ወጣት ናት፤ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጥልቃለች። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ጉልበቱ ይሠራ እንደሆነ መርማሪዋ ጠየቀቻት።

"እግሬ በመኪና አደጋ ከተቆረጠ ወዲህ ተቀምጬ ነው የማስተምረው" አለች መምህርቷ። "ባለፈው ሳምንት በዚያ ጉልበት ቆሜ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ረጅም መሆኔን አያውቁም ነበር።"

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀቻትም። የአናጢውን ስም ከተጠርጣሪዎቹ አወጣች።

አሁን የቀረው ራሷ ያየችው ነገር ነው።

እቤቷ ገብታ የማክሰኞውን ትምህርት ቅጂ ከፈተች። ሥራ በዝቶባት ያመለጣትን ለማየት እንጂ ቅጂውን ለወንጀል ምርመራ ትከፍተዋለች ብላ አስባ አታውቅም። ባሏ ልጁን አስተኝቶ አጠገቧ ተቀምጦ ልብስ ያጥፋል። መምህሩ ይናገራሉ። አናጢው ሰላምታ ሲሰጥ ድምፁ በዝናብ ተውጧል። የእሷም እንደዚያው። የሁሉም ጣራ ይንጫጫል። መምህሩ መጨረሻ ላይ ተሸነፉና አቅራቢው ብቻ ሲቀር ሁሉም ማይኩን እንዲዘጋ አዘዙ።

ከዚያ ከረባት ጀመረ። ከረባቱን አጥብቋል፤ ከኋላው የመጽሐፍ መደርደሪያው ይታያል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ሲያበቃ ሁሉም ማይኩን ከፍቶ አጨበጨበለት። እሱ ኔትወርክ እያስቸገረኝ ስለሆነ ጥያቄ በጽሑፍ ላኩልኝ ብሎ ከስክሪኑ ጠፋ።

መርማሪዋ መልሳ ከፈተችው። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። እንደገና ከፈተችው። ከዚያ ከወንበሯ ተነሣች፤ ያጠፈው ልብስ ተናደና ባሏ ምን ሆነሽ አላት።

"ዝናብ የለም" አለችው። "እሱ ጋ ዝናብ አልዘነበም።"

በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት ከረባት ጣቢያ ተጠራ። የመጣው እንደ ምስክር ነው። ቡናማ ከረባት አስሯል። ስለ አናጢው ማዘኑን ተናገረ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ማጣቱን ፊቱ ይመሰክራል፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። አዛዡ የመደቡት ሌላ መርማሪ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

"ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?"

"አብረን ነበርን እኮ። አንቺም አጨብጭበሽልኛል።"

"ከየት ሆነህ ነው ያቀረብከው?"

"ከቤቴ።"

"ትምህርቱ ሳያልቅ አልወጣህም?"

"በዚያ ዝናብ ማን ይወጣል?"

"እኛ ሰፈርም ብርቱ ነበር። አንተ ጋስ?"

"ተይኝ ባክሽ። የምኖረው ላይኛው ፎቅ ነው፤ ከራሴ በላይ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ራሴን መስማት አቅቶኝ እየጮህኩ ነው ያቀረብኩት።"

ቃሉን ጻፈችው። አንብቦ ፈረመ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችና ገለጻውን ከፈተችለት።

ከረባት ራሱን አየ። በተረጋጋ፣ በለሰለሰ ድምፅ ሲያስረዳ አዳመጠ። ከጀርባው ጭጭ ያለ ነው። አንዲት ጠብታ አትሰማም።

"ዝናቡስ?" አለችው።

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ።

"ማይኬ ጥሩ ነው። ጫጫታ ያጣራል።"

"ይሄስ?"

ወደ ትምህርቱ መጀመሪያ መለሰችው። ካሜራው እንደጠፋ ከረባት እንዴት አመሻችሁ ሲል ይሰማል። በድምፁ ላይ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርዳል። የመኪና ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ። መሰናበቻው ላይም ኔትወርክ አስቸገረኝ ሲል ያው ውሃ ይንዶለዶላል። መካከል ላይ ያለው ገለጻ ብቻ ደረቅ ነው።

"ሰላምታህና ስንብትህ ርሷል፤ ገለጻህ ግን አልራሰም። ገለጻውን ቀን ቀርጸህ ማታ እንደ ቀጥታ ነው ያጫወትክልን። ማክሰኞ ማታ እኛ የተቀረጸውን ስናይ አንተ ሌላ ቦታ ነበርክ።"

ጥግ ላይ ያለው መርማሪ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከረባት ላፕቶፑን ከፊቱ ገፋ አደረገ። ከዚያ ከረባቱን ፈታ፤ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያለ ከረባት ስታየው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። አንገቱ ቀጭን ነው፤ ልጅ ይመስላል።

"ስታጨበጭቡልኝ ሰምቻለሁ" አለ። "በጆሮ ማዳመጫዬ። ያን ሰዓት ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሜ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። ድርጅቱ የሚያስመጣው አልጋና ወንበር ብቻ አይደለም፤ ጉልበትም ያስመጣል። ለአናጢው መሥሪያ ቤት ብዙ ጉልበት ለማቅረብ ውል ሊፈርም ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የትምህርት ክፍያውን የሚችለው ድርጅቱ ነው፤ ማታ ማታ ቀደም ብሎ እንዲወጣም ፈቅዶለታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ በጓደኛው ኮርቶ፣ የአናጢውን ሥራ ለሥራ አስኪያጁ አጫወታቸው። ሥራ አስኪያጁ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አልነበረውም። ይህን ሁሉ ስናደርግልህ አንተ ምን ልታደርግልን ነው ይሉታል። ለአንድ ሌሊት ብቻ አምጣው፣ ለክተንና ፎቶ አንሥተን እንመልሳለን አሉት። የጋዎኑ ነገር ቀላል ነበር፤ ሆስፒታል ዕቃ ሲያሳይ የሚለብሰው መኪናው ውስጥ አለ።

"ሊነጋ ሲል መልሼ ላስቀምጠው ነበር" አለ። "ስሄድ ግን ፈታትተውታል። ከቅዳሜ በፊት እንደማይመልሱት ያኔ ገባኝ። እሱ ቅዳሜ ባዶ እጁን ከቆመ ውሉ የእነሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ስልኬ አለህ።"

ከረባት ወለሉን አየ።

"አንድ ሴሚስተር ነው የቀረኝ" አለ።

መርማሪዋ ልትቆጣው ፈልጋ አፏ እምቢ አላት። እሷም አንድ ሴሚስተር ነው የቀራት። ለዚያ ሴሚስተር ስንት ነገር እንደዋጠች ታውቃለች፤ የልጇን ልደት፣ የባሏን ዝምታ፣ የራሷን እንቅልፍ። ግን የሰው ጉልበት አልወሰደችም። ይህንኑ በልቧ ብላ ተነሣች።

የፍርድ ቤቱ ማዘዣ ከምሳ በፊት ወጣ። አዛዡ ራሳቸው አብረዋት ሄዱ፤ ረቡዕ ጠዋት ሲቀልድ የነበረው ሳጅንም ሳይጠራ መኪናው ላይ ወጣ። የድርጅቱ ቢሮ መስታወት በመስታወት ነው። በውስጠኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነጩ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ጉልበቱ እንደ ተበለተ በግ ተበታትኖ ተኝቶበታል። አንድ ባለመነጽር ሰው እየለካ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጁ አልደነገጡም። ለጥናት ነው አሉ።

"ለባለቤቱ ነግረው ነው የሚያጠኑት?" አለቻቸው መርማሪዋ። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ መልስ ፍለጋ ወደ ጠበቃቸው ደወሉ።

ጉልበቱ የወንጀል ማስረጃ፣ ኤግዚቢት ነው፤ በሕጉ መዝገቡ እስኪዘጋ ጣቢያ መቀመጥ አለበት። መርማሪዋ ዓቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄደች፤ ለመነች፤ ተከራከረች። እያንዳንዱ ቁራጭ ፎቶ ተነሥቶ ለባለቤቱ በአደራ እንዲሰጥ አስፈቀደች። ሲሰጡት አናጢው ቁራጮቹን ቆጠረ፤ ፊቱ ጠቆረ። ጉልበቱን መልሶ የሚዘረጋው ሞላ ተሰብሯል። ላስቲኩም ተቆርጧል፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ቆርጠውታል።

ዓርብ ወርክሾፑ ለሌላ ሥራ ዝግ ሆነ። የዘጉት ኃላፊው ናቸው። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው አናጢው አጠገብ ቆሙ። እሱ ሲሞርድ እሳቸው ያቀብላሉ፤ እሱ ሲለካ እሳቸው ያበራሉ። ሞላው የአንድ አሮጌ መኪና በር ውስጥ ተገኘ። እስከ ቀትር አልገጥም አለ፤ አንዴ ተፈናጥሮ ኃላፊውን ግንባራቸውን መታቸው። እሳቸው ግንባራቸውን እያሹ፣ ሥራና ትምህርትን አንድ ላይ እንዴት እንደቻለው ቀስ ብለው ጠየቁት። አናጢው መሞረዱን አቁሞ አያቸው። ኃላፊው ሁሉንም ነገሩት፣ መጽሐፉንም ጭምር። ሲሥቁ ከውጭ ሰው ሰምቷቸዋል።

ቅዳሜ የዲፌንሱ አዳራሽ ምድር ቤት ነበር። መርማሪዋና ሲስተር ከፊት ተቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ሳያስቡት ነው የተዉት። ከረባት በዋስ ተለቆ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አግዶታል፤ ክሱም በእሱና በሥራ አስኪያጁ ላይ ተከፍቷል። ሲስተር ባዶውን ወንበር አየች፤ ጎበዝ ነበር እኮ ብላ ፊቷን አዞረች።

አናጢው አቀረበ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ አልወጣለትም፤ በኋላ ግን ስለ ሞላው መናገር ሲጀምር ተፍታታ። ከዚያ መምህርቷ ተጠራች።

ክራንቹን ለሲስተር ሰጠቻት። ተነሣች። ጉልበቱ ጠቅ ብሎ ቆለፈ። በወንበሮቹ መካከል ሄደች፤ ጫፍ ስትደርስ ዞረች፤ ተመለሰች። ተቀመጠች፤ ተነሣች። አዛውንቱ ፈታኝ እንደገና እንድትቀመጥ ጠየቋት። ተቀምጣ ተነሣች። ወንበራቸውን ለቀው መጥተው በጉልበታቸው ተንበረከኩና ጉልበቱን ከሥር አዩት።

"ጠንካራ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለህ?" አሉት ከዚያው ሆነው።

"ማክሰኞ ተሰረቀ" አለ አናጢው። "የማያውቁት ሰዎች ፈታትተው ሞላውን ሰበሩት። ትናንት በአሮጌ መኪና ሞላ ጠገንኩት። ዛሬ እያዩት ነው። ከውጭ የሚመጣው ሞላ ቢሰበር መለዋወጫው እስኪመጣ እሷ ወራት ትቀመጥ ነበር።"

በአዳራሹ ጭብጨባ ፈነዳ። ፈታኙ ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉ። የጨበጠቻቸው መምህርቷ ናት። እሷ ናት ያነሣቻቸው።

ውጤቱ ሲነገር አናጢው ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ኃላፊው ትከሻውን ሲመቱት ችካል የሚተክሉ ይመስሉ ነበር። መርማሪዋ ባሏ ጋ ደውላ አለፈ አለችው፤ ልጇ ከጀርባ ማን ነው ያለፈው እያለ ሲጮህ ሰማችው።

ስልኩን ዘግታ ስትዞር መምህርቷ የለችም። ሲስተር ክራንቹን እንደያዘች ወደ ደረጃው ጠቆመቻት። መርማሪዋ ሮጣ ደረሰችባት። መምህርቷ የደረጃውን እጀታ ይዛ፣ አንድ በአንድ እየረገጠች ትወጣለች። ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። ፊቷ ላይ ቁርጠኝነት ስለነበረ መርማሪዋም ሳትጠይቅ ከኋላዋ ሆና ወጣች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሬጅስትራር ቢሮው መስኮት ፊት ስትቆም ላቧ በአገጯ ይንጠባጠብ ነበር። ለማስተርስ መመዝገብ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። የቢሮው ሴትዮ ላቧንና አቋቋሟን አዩ። ደግ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እመቤት፣ እዚህ ድረስ መልፋት የለብዎትም። እንደእርስዎ ላለ ሰው ሙሉ በሙሉ በኦንላይን አለ። ከቤትዎ ሳይወጡ ይጨርሳሉ።"

መምህርቷ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

"አውቃለሁ" አለች። "ክፍሉ እዚሁ ፎቅ ላይ የሆነውን፣ የቅዳሜውን ይስጡኝ።"